ዕቃው ሲሟላ

በአገራችን «ዕቃው ሲሟላ» የሚባል ቀጠሮ አለ። ቀን የለውም፣ ሰዓት የለውም፤ ቀጠሮ ያዡም ጠባቂውም አንድ ሰው ነው። ሙሽራው ቤቱ ሲሟላ ያገባል። ነጋዴው መነሻው ሲሟላ ሱቁን ይከፍታል። ደራሲው ጠረጴዛና ጸጥታ ሲሟላለት ይጽፋል። እንደኔ እንደኔ ግን ይህ ቀጠሮ ከሁሉ ይልቅ የጠናው ቤታቸው ቁጭ ብለው በኮምፒዩተር ሙዚቃ በሚሠሩ፣ ወይም ሊሠሩ በሚያስቡ ልጆች ላይ ነው።

ከእነዚህ ልጆች አንዱን አውቀዋለሁ። ስለ ሙዚቃው ስጠይቀው የሚነግረኝ ስለ ዕቃ ነው። ሳውንድ ካርዱ የድሮ ነው፣ ስፒከሩ የሙዚቃ መሥሪያ ሳይሆን የፊልም ማያ ነው፣ ማይኩ ያፏጫል፣ ግድግዳው ላይ የሚለጠፈው ስፖንጅ ገና አልተገዛም። «ጋሼ፣ አሁን ባለኝ ዕቃ ብሠራው ሐሳቡን ማባከን ነው» ይለኛል።

«እና እስከዚያው ምን ትሠራለህ?»

«ቪዲዮ አያለሁ።»

«የምን ቪዲዮ?»

«የዕቃ።»

ልጁ ላይ መሳቅ ቀላል ነው። ጥያቄው ግን የሚሳቅበት አይደለም። ደሞዝ የሌለው ወይም ደሞዙ ከወር እስከ ወር የማያደርስ ወጣት፣ የቤተሰብን ገንዘብ አውጥቶ ዕቃ መግዛትና አለመግዛት የዕድሜው ትልቅ ውሳኔ ሊሆን ይችላል። እውነት አንድ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ለመሥራት ስንት ዕቃ ይበቃዋል? ዕቃ ሻጩን ብትጠይቁት መልሱ የታወቀ ነው። እኔ ግን ታሪክን መጠየቅ መረጥሁ፤ ታሪክ ኮሚሽን አይቀበልም። ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና በምሳሌ እንሂድ። ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ታሪኩን የምጀምረው ከጀርመን ወይም ከአሜሪካ ሳይሆን ከጎረቤት፣ ከካይሮ ነው። በ1944፣ ዓለም በጦርነት ስትታመስ፣ ሐሊም ኤል ዳብህ የሚባል በሃያዎቹ መጀመሪያ ያለ ግብፃዊ ነበር። የተማረው የእርሻ ምሕንድስና ነው፤ ልቡ ያለው ግን ሙዚቃ ላይ ነው። ይህ ሰው ከከተማው ራዲዮ ጣቢያ የድምፅ መቅረጫ ተዋሰ። የቴፕ መቅረጫ እንዳይመስላችሁ፤ ቴፕ ያኔ ከጀርመን ውጪ ገና አልተለመደም። ድምፅን በቀጭን የብረት ሽቦ ላይ የሚቀርጽ፣ ለሸክም የሚከብድ ማሽን ነው።

ይህን ተሸክሞ የሄደው የት መሰላችሁ? የዛር ሥነ ሥርዓት ላይ። ሥነ ሥርዓቱ የሴቶች ስለነበር፣ ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ ከባልደረባው ጋር እንደ ሴቶቹ ተከናንቦ ነው የገባው። የሴቶቹን ዜማ ቀርጾ ወደ ራዲዮ ጣቢያው ተመለሰና ሥራውን ጀመረ። ድምፁን በሚያስተጋባ ክፍል ውስጥ እያጫወተ መልሶ ቀረጸው። ተንቀሳቃሽ ግድግዳዎችን እያጠጋና እያራቀ ማስተጋባቱን ለዋወጠው። የድምፁን ዋና አካል እያስወጣ ዙሪያውን፣ ንዝረቱን ብቻ አስቀረ። መጨረሻ ላይ ቃሉ ጠፍቶ ከሩቅ የሚመጣ የሚመስል ጥላ ቀረ። ሥራውን በዚያው ዓመት በካይሮ በአንድ የሥዕል ማሳያ ለሕዝብ አሰማው። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ ሲጻፍ ስሙ በፊት የሚጠራው ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር የባቡር ድምፅ ቀርጾና አቀነባብሮ በፓሪስ ራዲዮ ያሰማው በ1948 ነው። ግብፃዊው አራት ዓመት ይቀድመዋል ማለት ነው።

እንግዲህ የዕቃውን ሒሳብ እንሥራ። አንድ መቅረጫ፣ እሱም የውሰት። አንድ የሚያስተጋባ ክፍል፣ እሱም የውሰት። የራሱ የሆነው ጆሮውና ትዕግሥቱ ብቻ ነው።

ይህን ሰው ለማንሳት ሌላም ምክንያት አለኝ። ዛር እኛም ጋ ያለ ነገር ነው፤ እንዲያውም ብዙ ተመራማሪዎች መነሻውን ከኢትዮጵያ ጋር ያያይዙታል። ሰውዬውም አልቀረልንም። በ1962 አዲስ አበባ መጥቶ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። በ1963 ደግሞ ክራሩን፣ ማሲንቆውን፣ ዋሽንቱን፣ በገናውን፣ እምቢልታውንና ከበሮውን ከየአካባቢው ሰብስቦ አንድ መድረክ ላይ ያስቀመጠውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። ልብ በሉ፤ ይህ ሰው ከዚያ በፊት ኒው ዮርክ ነበር። የኮሎምቢያና የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል፣ ክፍል የሚሞላ ሲንተሳይዘር የተተከለበት ቤት፣ በ1959 በሩን ከፍቶለት ሠርቶበታል። ያን ግዙፍ ማሽን አጠገቡ አድርጎም በሰው ድምፅና በቴፕ መሥራቱን አልተወም። ከዚያ ቤት ወጥቶ አዲስ አበባ ሲመጣ ደግሞ ክራርን ዝቅ አድርጎ አላየም። ለእሱ ሽቦውም፣ ሲንተሳይዘሩም፣ የክራሩም ጅማት ያው ድምፅ ማውጫ ነበሩ። ኤል ዳብህ በ2017 በዘጠና ስድስት ዓመቱ አሜሪካ ውስጥ አረፈ።

ኤል ዳብህ ኦርኬስትራውን ባቋቋመበት በዚያው በ1963 ለንደን ውስጥ ዴሊያ ደርቢሻየር የምትባል ወጣት በቢቢሲ የድምፅ ወርክሾፕ ተቀምጣ ነበር። በካምብሪጅ ሒሳብና ሙዚቃ የተማረች ናት። «ዶክተር ሁ» ለሚባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ የመክፈቻ ሙዚቃ እንድትሠራ የሮን ግሬነር ዜማ በወረቀት ተሰጣት። ኪቦርድ የለም፣ ሲንተሳይዘር የለም። አንድ ክር ወጥራ ነካችውና ድምፁን ቀረጸችው። ለኢንጂነሮች መለኪያነት የተሠሩ፣ «ዊ…» ከማለት በቀር ሙዚቃ የማያውቁ መሣሪያዎችን ድምፅም ጨመረች። ከዚያ እያንዳንዱን ኖታ ለብቻው በቴፕ ላይ አድርጋ፣ ቁመቱን ለክታ፣ በምላጭ ቆርጣ፣ በማጣበቂያ ቀጠለችው። የኖታው ርዝመት የቴፑ ርዝመት ነው። ብዙ ድምፆችን በአንድ ላይ የሚይዝ መቅረጫ ስላልነበረ ቴፕ ማጫወቻዎቹን እኩል እያስነሱ ነበር የሚያዋህዱት። ይህችው ሴት አንድ አሮጌ የብረት አምፖል ሽፋን መትታ ድምፁ ቢጥማት ቀርጻ ከሥራዎቿ ውስጥ አስገብታዋለች። የአምፖል ሽፋን! ግሬነር ውጤቱን ሲሰማ የደራሲነቱን ድርሻ ሊያካፍላት ፈልጎ ነበር፤ መሥሪያ ቤቱ አልፈቀደም። ይህ እንግዲህ የዕቃ ሳይሆን የሰው ጉድለት ነው።

«እነዚህ የመንግሥት ቤት ሰዎች ናቸው፤ አንተ ስለ ቤት ውስጥ ሥራ አይደል የምታወራው?» የሚለኝ አይጠፋም። ደግ፤ ወደ ቤት እንግባ። ኪንግስተን፣ ጃማይካ። ኦስበርን ሩዶክ ራዲዮና አምፕሊፋየር የሚጠግን ሰው ነበር፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ኪንግ ተቢ በሚለው ስሙ ነው። በሰባዎቹ መጀመሪያ ዋተርሀውስ በሚባለው የድሃ ሰፈር፣ የመኖሪያ ቤቱን ክፍል ስቱዲዮ አደረገው። ሚክሰሩ ከትልቅ ስቱዲዮ የተገዛ አሮጌ ባለ አራት ትራክ ነው። ድምፃዊው የሚቆመው መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው፤ ሌላ ክፍል የለማ!

ተቢ ዘፈን አይጽፍም፣ ጊታር አይመታም። ሌላ ቦታ ተቀርጾ የመጣለትን ዘፈን ወስዶ ድምፃዊውን ያጠፋዋል፣ ቤዙንና ከበሮውን ብቻ ያስቀራል፣ ድንገት አንዲት ቃል ብቅ አድርጎ በማስተጋቢያ ያርቃታል። ሚክሰሩን እንደ በገና ደረደረው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። «ደብ» የሚባለው ሙዚቃ በዋናነት የተወለደው ከዚህ ክፍል ነው። ዛሬ «ሪሚክስ» የሚባለው ነገር ሁሉ የሥጋ ዘመዱ ነው። ባለ አራት ትራክ ሚክሰር ያኔም ቢሆን ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች እየጣሉት የነበረ ዕቃ ነው። ተቢ ግን ውስጡን ያውቀዋል፤ ሲበላሽ ከፍቶ የሚጠግነው ራሱ ነው፣ ያነሰውንም የሚቀጥልለት ራሱ ነው። አንድን መሣሪያ እስከ ብሎኑ ማወቅ ማለት ይህ ነው።

ወደ ቺካጎ ስንሻገር ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። ሮላንድ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ «ቲቢ 303» የምትባል ትንሽ ማሽን አወጣ። የታሰበችው ቤዝ ጊታሪስት ለሌለው ሙዚቀኛ የቤዙን ቦታ እንድትሞላ ነው። ቤዝ ጊታር መምሰል ግን አቃታት፤ ገበያ አጣችና በ1984 ምርቷ ቆመ። በየአሮጌ ዕቃ መሸጫው በርካሽ ተጣለች። «ፊውቸር» የሚል ስም ያላቸው የቺካጎ ወጣቶች አንዷን አገኙ። እንደታሰበው መጠቀም ስላልቻሉበት መቆጣጠሪያዎቹን ዝም ብለው ያዟዙሯቸው ጀመር። ማሽኗ ስትጮህ፣ ስትንጫጫ፣ ስታለቅስ ቀረጿት። በ1987 የወጣው «አሲድ ትራክስ» «አሲድ ሀውስ» ለሚባለው የዳንስ ሙዚቃ መነሻ ሆነ። የዚችው ማሽን ታላቅ፣ «808» የሚሏት የድራም ማሽን፣ አሥራ ሁለት ሺህ ያህል ብቻ ተሠርታ በ1983 የተቋረጠች ናት። ከበሮዋ ከበሮ አይመስልም ተብላ ተንቃ ነበር። ዛሬ ሂፕ ሆፕ ከሰማችሁ የእሷን ዱምታ ሰምታችኋል።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ። ኃይሉ መርጊያ የዋልያስ ባንድ የኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ በሂልተን አዳራሽ የተጫወተላቸው ሰዎች ዛሬም ያነሱታል። ባንዱ በ1981 ወደ አሜሪካ ተጉዞ ሲመለስ ከቀሩት አንዱ ነው። ከሙሉ ባንድ መሪነት ወደ ብቸኝነት ወረደ ማለት ነው። በ1985 ዋሽንግተን አካባቢ አንድ የሚያውቀው ሰው ትንሽ ስቱዲዮ ገብቶ ለብቻው ቀረጸ። የያዘው የልጅነት መሣሪያውን አኮርዲዮን ነው። እዚያ ያገኘው ደግሞ ሮድስ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ፒያኖ፣ ሲንተሳይዘርና ድራም ማሽን ነው። ከበሮ መቺ የለም፣ ቤዝ የለም፣ የትንፋሽ መሣሪያ የለም። የድሮዎቹን ዜማዎች በእነዚህ አራት ዕቃዎች ሠርቶ «ሸሞንሟናዬ» ያለውን ካሴት ለአገር ቤት ላከ።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ኃይሉ መድረኩን ትቶ በዳለስ አውሮፕላን ማረፊያ ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን አልተወም፤ በባትሪ የምትሠራ አንድ ኪቦርድ በመኪናው የዕቃ መጫኛ ውስጥ አስቀምጦ ተሳፋሪ እስኪመጣ ይለማመድ ነበር። በ2013 አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ላይ ያችን የ1985 ካሴት አገኛት። በዚያው ዓመት እንደገና ታተመች፤ ሰውዬው በስድሳዎቹ ዕድሜው ወደ ዓለም መድረክ ተመለሰ። በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘ አዲስ አልበም አወጣ። ወጣቶቹን የገረማቸው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ያ «ደረቅ» የሚባለው የድራም ማሽን ድምፅና ያ የሚያለቅስ አኮርዲዮን አብረው መሄዳቸው።

እዚህ ላይ ግን ቆም ብዬ የምጠይቀው አለኝ። በዚያው ዘመንና ከዚያም በኋላ አዲስ አበባም ኪቦርድና ድራም ማሽን ገብቶ ነበር። የደርግ ሰዓት እላፊ የምሽቱን ኑሮ አዳከመው፣ ባንድ ማቆየት ውድ ሆነ፣ ካሴቱ ደግሞ በብዛትና በፍጥነት ይፈለግ ነበር። ከዚያ የትንፋሽ መሣሪያዎቹ ቀስ በቀስ ወጡና አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ አልበም የሚጨርስበት ጊዜ መጣ። «ሙዚቃችን በኪቦርድ ሞተ» የሚለውን እሮሮ ያልሰማ የእኔ ዘመን ሰው የለም። እሮሮው መሠረት ነበረው፤ አንዱ ካሴት ከሌላው የማይለይበት ጊዜ አይተናል። ታዲያ ያው ዓይነት ማሽን እዚያ ተወዶ እዚህ ለምን ተሰለቸ? የእኔ መልስ ይህ ነው፦ እዚህ ማሽኑ ብዙ ጊዜ የገባው የቀረውን ሰው ለመተካት ነው። ሳክስፎኑ በሌለበት ሳክስፎን፣ ከበሮው በሌለበት ከበሮ እንዲመስል ታዘዘ፤ ማስመሰል ደግሞ ምንጊዜም ከዋናው ያንሳል። ኃይሉ ማሽኑን ማሽን እንዲሆን ተወው። የቺካጎ ልጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። ስለዚህ የሙዚቃ መሰልቸት የዕቃ ማነስ ብቻ አይደለም፤ ዕቃው የራሱን ድምፅ እንዲያወጣ አለመፍቀድም ነው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን «ድህነት ጥበብን ይወልዳል» ወደሚለው ስብከት ልገባ አይደለም። ድህነት ብዙ ጊዜ የሚወልደው ተስፋ መቁረጥን ነው። ዕቃም ሐሰት አይደለም። በገና መቅረጽ የፈለገ ሰው ያ ወፍራም ንዝረት እንዳይጠፋበት ደህና ማይክ ያስፈልገዋል። በወዳደቀ ስፒከር የተመጠነ ቤዝ ሌላ ቦታ ሲጫወት ጉዱ ይወጣል። ደርቢሻየር በምላጭ ስትቆርጥ የኖረችው ምላጭ ስለምትወድ አይደለም፤ ሌላ ስላልነበረ ነው።

እና ስንት ይበቃል? ከታሪክ የተማርሁትን ልዘርዝር፤ ዝርዝሩ አጭር ነው። ድምፅ የሚይዝ አንድ ነገር፣ ድምፅ የሚለውጥ አንድ ነገር፣ በትክክል የሚያሰማ አንድ ነገር። ዛሬ አንድ መካከለኛ ላፕቶፕ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በአንድ አካል ይሠራል። መብራት ሲጠፋም ባትሪ አለው። ሦስተኛውን አንድ ደህና ኢርፎን ይሸፍነዋል። ማይክ ካስፈለገ አንድ። ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ሥራው ራሱ ሲጠይቅ የሚገዛ ነው። «ይህን ድምፅ ፈልጌ አጣሁት» የሚል ሰው ዕቃ ይግዛ። «ይህ ዕቃ ቢኖረኝ ምን እሠራ ይሆን?» የሚል ሰው ግን ትንሽ ይቆይ። የዛሬው ልጅ ችግር እንዲያውም ከማነስ ይልቅ መብዛት ይመስለኛል። ኤል ዳብህ አንድ ሽቦ ነበረው፤ ይህ ልጅ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ሺህ ዓይነት ከበሮ አለው። ከሺህ ከበሮ አንዱን ሲመርጥ ይመሻል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ። ከላይ የጠራኋቸውን ሰዎች መለስ ብላችሁ ቁጠሩልኝ። የካይሮው መቅረጫ የራዲዮ ጣቢያ ነበር። የለንደኗ መለኪያዎች የመሥሪያ ቤት ነበሩ። የኪንግስተኑ ሚክሰር ትልቅ ስቱዲዮ የለቀቀው ነው። የቺካጎዋ ማሽን ሌላው የጣላት ናት። የዋሽንግተኑ ስቱዲዮ የወዳጅ ነው። ከእነዚህ ውስጥ ዕቃው የተሟላለት አንድም የለም። ሆኖም ከእነዚህ ውስጥ በሩ የተዘጋበትም አንድ የለም። ያ የካይሮ ራዲዮ ጣቢያ «ማሽኑ ንብረት ነው፣ ከግቢ አይወጣም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር ነበር? ምንም። ምንም አይፈጠርም ነበር።

እኛ ጋ «ንብረት ነው» የሚለው ቃል ከባድ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት፣ በካርቶን እንደታሸጉ አቧራ የጠጡ የድምፅ ዕቃዎች በዓይኔ አይቻለሁ። የሚጠቀምባቸው የለም፣ የሚያበድራቸውም የለም። የተመዘገቡ ናቸውና እንዲጠፉ አይፈለግም፤ ሳይጠፉ ግን ያረጃሉ። ባለ ስቱዲዮዎቻችንም ቢሆኑ ሌሊቱን ተዘግቶ የሚያድር ክፍል አላቸው። በወር አንድ ሌሊት ለጀማሪ ቢከፍቱት የሚጎድልባቸው የመብራት ሒሳብ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የምንል ሕዝብ፣ አንድ ማይክ ለአምስት ልጆች ማካፈል ለምን ከበደን? ዕቁብ የምናውቅ ሰዎች የዕቃ ዕቁብ መጣል ያቅተናል?

ልጁ ዕቃ ስለሌለው እንደማይሠራ ሲነግረኝ ግማሹ ሰበብ እንደሆነ አውቃለሁ። ያንን ግማሽ ራሱ ይወጣው፤ ባለው ላፕቶፕ ዛሬ ማታ ይጀምር። ሌላው ግማሽ ግን የእሱ አይደለም። ዕቃው ያለን፣ ቁልፉ በእጃችን ያለ ሰዎች ድርሻ ነው። ስለዚህ «ስንት ዕቃ ይበቃል?» ብሎ ለሚጠይቅ ወጣት መልሴ «ካሰብኸው ያነሰ» የሚል ነው። ዕቃ ላለው ሰው ደግሞ የምመልሰው በጥያቄ ነው፦ መጋዘንህ ውስጥ ያለውን ለማን አበደርህ?